ጎረቤት ሳይረበሽ በቤት ውስጥ ድንጋይ መቅረጽ፦ የአሠራር መመሪያ ለሰሜን ሸዋ ነዋሪዎች

በሰሜን ሸዋ ከተሞች፣ በደብረ ብርሃንም ሆነ በመሐል ሜዳ፣ በዓለም ከተማም ሆነ በደብረ ሲና፣ ድንጋይ የመቅረጽ ፍላጎት ያደረበት ሰው ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሆን ቦታ ማግኘት እምብዛም አይሆንለትም። ብዙው ሰው የሚኖረው ሌሎች ተከራዮችም ባሉበት ግቢ ውስጥ፣ ከጎረቤቱ በአንድ የጭቃ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ብቻ ተለይቶ ነው። እንዲህ ባለ ግቢ መሮና መዶሻ ይዞ ጥቁር ድንጋይ መውቀር የሕፃኑን እንቅልፍ፣ የሕመምተኛውን ዕረፍትና የተማሪውን ጥናት መንሳት ይሆናል። ይሁን እንጂ ሥራውን በመጋዝ፣ በሞረድና በውሃ እንዲያልቅ አድርጎ ካቀዱት፣ ጎረቤት ሳያማርር በግቢ ጥግ መልካም ቅርጽ ማውጣት ይቻላል። ከዚህ በታች የተገለጸው አሠራር ጉልበቱ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላለው ቅርጽ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ሐውልት የመኖሪያ ግቢ ተስማሚ ቦታ አይደለም።

ጉዳዩ የይሉኝታ ብቻ እንዳልሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 የንብረት ባለቤት ጎረቤቱን እንዳያውክ፣ ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት እንዳይፈጥር ይደነግጋል፤ የአካባቢው ልማድም ከግምት እንዲገባ ያዝዛል። ለመኖሪያ አካባቢ የተወሰነው የድምፅ መጠን ደግሞ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ግራይንደር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መቁረጫ፣ ድንጋይ ሲቆርጥ በሠራተኛው አጠገብ የሚያሰማው ድምፅ ከ90 ዴሲቤል በላይ ነው። በገላጣ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ስለሚቀንስ፣ በ1 ሜትር ላይ 95 ዴሲቤል የሚያሰማ መሣሪያ በ16 ሜትር ርቀት እንኳ 71 ዴሲቤል ገደማ ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ ግራይንደርን በምንም ዓይነት መጋረጃ ሸፍኖ በተከራይ ግቢ ውስጥ መጠቀም አይቻልም፤ ከዚህ ሥራ ጨርሶ ሊወጣ ይገባዋል።

ድንጋዩን መምረጥ

የሥራው ድምፅ በአብዛኛው የሚወሰነው ድንጋዩ በሚመረጥበት ጊዜ ነው። በሞረድ የሚበላ ድንጋይ የመረጠ ሰው መዶሻ የሚያነሣው ከስንት አንዴ ሲሆን፣ ጠንካራ ድንጋይ የመረጠ ሰው ግን ምንም ያህል ቢጠነቀቅ መምታቱ አይቀርለትም።

የደብረ ብርሃንና የመንዝ ደጋ በአብዛኛው የቆመው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። በየአጥሩ፣ በየካቡና በበሬሳ ወንዝ ዳር የሚታየው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት፣ ጥንካሬው ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ፣ በሞስ መለኪያ፣ ወደ 6 ይጠጋል። ለወፍጮና ለመጅ የተመረጠውም በዚሁ ጥንካሬው ምክንያት ነው። ለጸጥተኛ ሥራ ግን አይሆንም። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደውን መንገድ ተከትሎ ወደ ጀማ ሸለቆ የወረደ ሰው ግን ከጥቁሩ ድንጋይ በታች ሌላ ዓይነት ድንጋይ ያገኛል፤ በዚህ ሸለቆ ውስጥ የአሸዋ ድንጋይ፣ የኖራ ድንጋይና ጀሶ ተደራርበው ይታያሉ። በለሚ አካባቢ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለውም የኖራ ድንጋዩ በቅርብ ስለሚገኝ ነው። የኖራ ድንጋይ ጥንካሬው 3፣ የጀሶ ድንጋይ ደግሞ 2 ስለሆነ ሁለቱም በእጅ መጋዝና በሞረድ ይታዘዛሉ።

ለጀማሪ የምመክረው ልስልስ ያለውን የኖራ ድንጋይ ነው። ጀሶ ከእርሱም ይቀልላል፤ ነገር ግን በውሃ ቀስ በቀስ የሚሟሟ ስለሆነ ደጅ ሊቀመጥ አይችልም፤ ጠርዙም በቀላሉ ይሸራረፋል። የአሸዋ ድንጋይ መልኩ ያማረ ቢሆንም፣ ኋላ እንደሚብራራው አቧራው ለሳንባ እጅግ አደገኛ በመሆኑ ለመኖሪያ ቤት አልመክረውም። ወደ ሸለቆው መውረድ የማይችል ሰው እብነ በረድ ከሚቆርጡ ቤቶች ቁርጥራጭ መለመን ይችላል፤ እብነ በረድ ከተራው የኖራ ድንጋይ ይልቅ እጅ ቢያደክምም በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይሠራል።

ድንጋዩን ከማንሣትዎ በፊት የመሬቱን ባለይዞታ ወይም ቀበሌውን ያስፈቅዱ። ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ ከአሮጌ መቃብርና በመንዝና በአካባቢው ከሚገኙት የጥንት የድንጋይ ክምር መቃብሮች አንዲት ጠጠር እንኳ አይውሰዱ። ቅርስን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይጠብቀዋል፤ አዋጁ ባይኖርም እንኳ የቀደሙ ሰዎች ያረፉበትን ድንጋይ ለመለማመጃ ማዋል ነውር ነው።

ያገኙትን ድንጋይ በአራት መንገድ ይፈትኑ። በመጀመሪያ በጥፍርዎ ይጫሩት፤ ጥፍር ከጫረው ጀሶ ወይም እርሱን የመሰለ ለስላሳ ነው። በጥፍር የማይጫር ሆኖ በቢላዋ ጫፍ በቀላሉ ከተጫረ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ዓይነት ነው። ቢላዋው ተንሸራቶ የብረት መስመር ብቻ ከተወበት መልሰው ያስቀምጡት። ሁለተኛው ፈተና የኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጠብታ ነው፤ የኖራ ድንጋይ ከሆነ በተጫረበት ቦታ ላይ አረፋ ይወጣዋል። ሦስተኛው የጆሮ ፈተና ነው፤ ድንጋዩን በገመድ አንጠልጥለው ወይም በመዳፍዎ ላይ አሳርፈው በሌላ ጠጠር ቀስ ብለው ሲነኩት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ የታፈነና የተሰበረ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል።

አራተኛውን ፈተና ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ሊዘለል ግን አይገባውም። ድንጋዩን በባልዲ ውሃ ነክረው ያውጡና ፀሐይ ላይ ያስቀምጡት። ፊቱ እየደረቀና እየነጣ ሲሄድ ትኩር ብለው ይመልከቱ። ስንጥቅ ካለው ውሃው በስንጥቁ ውስጥ ስለሚዘገይ፣ ሌላው ሁሉ ከደረቀ በኋላ ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር በድንጋዩ ላይ ተጋድማ ትቀራለች። ይህችን መስመር በእርሳስ ይከተሏት፤ ድንጋዩን ዙራ ከተገናኘች ድንጋዩን ይተዉት፤ ወደ አንድ ጥግ ብቻ ከሄደች ያንን ጥግ በመጋዝ የሚወገደው ክፍል ያድርጉት።

ቦታና መቀመጫ

ድምፅ ወደ ጎረቤት የሚሄደው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ በአየር፣ ሌላው በመሬትና በግድግዳ። በመሬትና በግድግዳ የሚሄደው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም የተያያዘ የሲሚንቶ ወለልና የጋራ ግድግዳ ትንሿን ምት ተሸክመው ከማዶ ላለው ሰው ራስጌ ያደርሳሉ። ስለዚህ የሥራ ጠረጴዛን ግድግዳ አስጠግቶ ማቆም ፈጽሞ አይገባም።

በግቢው ውስጥ ሲሚንቶ ያልፈሰሰበት አፈር መሬት ይፈልጉ። ያለቀ የመኪና ጎማ በዚያ ላይ ያጋድሙና መሐሉን በአሸዋ ይሙሉት። ከዚያም አንድ ጠንካራ ከረጢት እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ አሸዋ ሞልተው አፉን በደንብ ይስፉና በጎማው ላይ ያስቀምጡት። ከረጢቱ ሙሉ መሆን የለበትም፤ ጎደል ሲል ነው ድንጋዩ በውስጡ ሰምጦ የሚይዝለት። የአሸዋው ቅንጣቶች እርስ በርስ እየተፋተጉ የምቱን ኃይል ስለሚበሉት ወደ መሬት የሚወርደው ንዝረት እጅግ ይቀንሳል። ከዚህም ሌላ ድንጋዩን በፈለጉት በኩል እያዞሩ ያለ ማሰሪያ መሥራት ይችላሉ። በበርጩማ ተቀምጠው ሲሠሩ ድንጋዩ ከጉልበትዎ ከፍ፣ ከደረትዎ ዝቅ ይበል።

በአየር የሚሄደውን ድምፅ ለመቀነስ አሮጌ ባና ወይም ዝተት ከሁሉ ይበልጣል። የመንዝ በግ ፀጉር ወፍራም ሆኖ ስለሚፈተል የሞረዱን ፉጨትና የመሮውን ቅጭልታ በከፊል ውጦ ይቀንሰዋል። ባናውን በጎረቤት በኩል ባለው አጥር ላይ አይለጥፉት፤ ከአጥሩ አንድ ጋት ያህል አራቅ አድርገው በገመድ ይስቀሉት፤ ከኋላው የሚቀረው ክፍት ቦታ ሥራውን ያግዘዋል። ባና ቀጭኑን ድምፅ እንጂ የመዶሻን ወፍራም ጉምታ እንደማይዝ ግን ይወቁ፤ ለእርሱ መድኃኒቱ አሸዋው ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያና ከቆርቆሮ አጥር ሥርም አይቀመጡ፤ ቆርቆሮ ድምፁን መልሶ ይረጨዋል።

በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ከሞረድና ከብርጭቆ ወረቀት በቀር ሌላ መሣሪያ ባይጠቀም ይሻላል። ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ቁራጭ ከታች፣ በላዩ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ የአሸዋ ከረጢቱን ያድርግ፤ ድንጋዩንም ከ5 ኪሎ ግራም አያስበልጠው።

መሣሪያዎች

የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው፦ ጥርሱ ወፈር ያለ አሮጌ የእንጨት መጋዝ፣ የብረት መጋዝ፣ ክብና ጠፍጣፋ ሞረድ፣ ሁለት ወይም ሦስት መሮ፣ የእጅ መሰርሰሪያ፣ ከ80 እስከ 400 ቁጥር ያለው በውሃ የሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት፣ ባልዲና ብሩሽ። መጋዙን ለዚህ ሥራ ከሰጡ በኋላ ለእንጨት አይመለስም፤ ድንጋይ ጥርሱን ፈጥኖ ይበላዋልና። መሮውን ብረት ቀጥቃጭ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቢሠራልዎ ስለቱን ይይዛል፤ ከፌሮ የተሠራ መሮ ቶሎ ይደንዛል።

የመሮውን ቅጭልታ ለማጥፋት ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ረጅም ቁራጭ ቆርጠው፣ የሚመታውን ራስና ስለቱን ብቻ አስቀርተው፣ አንገቱን አጥብቀው ይጠቅልሉት። የብረት መዶሻውን ትተው በወይራ እንጨት የተሠራ መዶሻ ወይም የጎማ መዶሻ ይያዙ። ብረት በብረት ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ጩኸት አጥር ተሻግሮ ይሄዳል፤ እንጨት በብረት ላይ ሲያርፍ ግን አጭርና ደረቅ ድምፅ ይሰጥና ወዲያው ይሞታል።

ጎረቤትን ማነጋገር

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጎረቤትን ቤቱ ድረስ ሄዶ ማነጋገር ያስፈልጋል። ቅሬታ ከመጣ በኋላ የሚደረግ ንግግር ይቅርታ መጠየቅ ነው፤ ከመጀመሩ በፊት የሚደረገው ግን ማክበር ነው። ንግግሩ አጭርና የተወሰነ ይሁን፦ «እትዬ፣ እንደምን አደሩ። ትንሽ የድንጋይ ሥራ ልጀምር ነው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ብቻ እሠራለሁ፤ የሞረድ ድምፅ ነው የሚኖረው። የማይመችዎ ሰዓት ካለ ይንገሩኝ።» የሌሊት ተረኛ ሆኖ ቀን የሚተኛ ሰው በግቢው መኖር አለመኖሩንም በዚሁ ይጠይቁ፤ በፋብሪካና በሆስፒታል የሚሠሩ ብዙዎች ቀን ነው የሚያርፉት።

በእሑድና በሌሎች በዓላት አይሥሩ። በወር በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም፣ በ29 የባለ ወልድ ቀን ድንጋይ ሲጠረብ መስማት በአካባቢያችን ብዙ አማኞችን ያሳዝናል፤ ሕጉ ራሱ የአካባቢ ልማድ ይከበር የሚለው እንዲህ ላለው ጉዳይ ጭምር ነው። በሠፈሩ ልቅሶ ካለ ድንኳኑ እስኪነሣ፣ በግቢው አራስ ካለች እርሷ ራሷ ይሁን እስክትል ድረስ መሣሪያውን ያስቀምጡ።

ቅርጹን ማውጣት

ለመጀመሪያ ሥራ እግሩን አጣጥፎ፣ አንገቱን ወደ ጎኑ መልሶ የተኛ የመንዝ በግ እንዲመርጡ እመክራለሁ። ወጣ ወጣ ያለ ቀጭን አካል የሌለው፣ ሁሉ ነገሩ የተሰበሰበ ቅርጽ ስለሆነ አይሰበርም፤ የሚወገደውም ድንጋይ ጥቂት ነው። የቆመ በግ ወይም ቀንዱን የዘረጋ ዋሊያ ለዚህ አሠራር አይሆንም።

በድንጋዩ አራት ጎንና በላዩ ላይ የበጉን መልክ በከሰል ይሳሉ፤ ከፊት የታየው ጀርባ ከጎን ከታየው ጀርባ ጋር ከፍታው አንድ መሆኑን በገመድ ይለኩ። ከዚያ የሚወገደውን ክፍል በሰያፍ መስመር ያጥቁሩት።

ቀጣዩ ደረጃ ከሁሉ ይበልጥ ጸጥታን የሚጠብቅልዎ ስለሆነ ረጋ ብለው ይሥሩት። ብዙው ጠራቢ ትርፉን ድንጋይ በመሮ እየመታ ያስወግዳል፤ እርስዎ ግን በመጋዝ ይሥሩት። በጠቆረው ክፍል ላይ በ1 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ጎን ለጎን ይሰንጥቁ፤ እያንዳንዱም ስንጥቅ ከመጨረሻው መስመር 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቁም። መጋዙን አይጫኑት፤ በራሱ ክብደት ይሂድ፤ ጥርሱ እንዳይሞላም በየጊዜው ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ስንጥቆቹ ሲያልቁ ትርፉ ድንጋይ እንደ ተቆራረሰ ዳቦ ተደርድሮ ይታያል። አሁን ጠፍጣፋ መሮ በአንዱ ስንጥቅ ውስጥ አስገብተው ያለ መዶሻ፣ በእጅዎ ብቻ ወደ ጎን ጠምዘዝ ያድርጉት። ቁራጩ ከሥሩ «ቀጭ» ብሎ ይለቃል። እምቢ ካለ ስንጥቁን ትንሽ ያጥልቁት እንጂ አይምቱት፤ በኃይል የተገነጠለ ቁራጭ ከሚፈለገው አካል ጋር ጨምሮ ይሄዳል። በአንገቱና በጎኑ መካከል እንዳለው ባለ ጎድጓዳ ቦታ መጋዝ አይገባምና፣ በእጅ መሰርሰሪያ ቀዳዳዎችን አቀራርበው ይብሱና በመካከላቸው የቀረውን በክብ ሞረድ ይብሉት።

መሮና መዶሻ የሚያስፈልግበት ጊዜ ቢመጣ፣ መሮውን ወደ 45 ዲግሪ አጋድመው፣ በትናንሽ ምት ይሥሩ። ቀጥ ብሎ የቆመ መሮ ድንጋዩን ይቀጠቅጠዋል፤ ኋላ ሲለሰልስ የማይጠፋ ነጭ ነጥብ በውስጡ ይተዋል፤ ድምፁም ይጎላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሞረድ ሥራ ነው። ሞረዱን ወደ ፊት ሲገፉ ይጫኑ፤ ሲመልሱ ያንሡት። ድንጋዩን ቶሎ ቶሎ እያዞሩ ሁሉንም ጎን እኩል ያውርዱ፤ ራሱን ጨርሶ ወደ ጭራ የሚሄድ ሰው ልኩ ይጠፋበታል። የበጉን ፀጉር ጥቅልል በተሳለ ምስማር ወይም በብረት መጋዝ ስባሪ ይጫሩት። ሁሉንም ጥቅልል መሥራት አያስፈልግም፤ በትከሻውና በአንገቱ ላይ ጥልቅ አድርገው ሠርተው ወደ ሆዱ እየሳሳ እንዲጠፋ ቢያደርጉት የበለጠ ያምራል። ፊቱንና ጆሮውን ግን ልስልስ ያድርጉት።

አቧራ

ስለ ድምፅ የሚጨነቅ ሰው ስለ አቧራ ሊዘነጋ አይገባም፤ የደብረ ብርሃን ነፋስ አቧራውን አጥር አሻግሮ ከጎረቤት የተሰጣ ልብስና እህል ላይ ያደርሰዋልና። በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ በብዛት ያለው ሲሊካ ሲደቅ በሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን በሽታ ያስከትላል። የኖራ ድንጋይና ጀሶ ሲሊካቸው ጥቂት ቢሆንም አቧራቸውን መሳብ አይገባም። ስለዚህ ድንጋዩን ዘወትር እርጥብ አድርገው ይሥሩ፤ ጀሶን ግን በእርጥብ ጨርቅ ከማበስ አያሳልፉ። ኤን95 ጭምብልና የዓይን መነጽር ያድርጉ፤ ነጠላና ተራ የጨርቅ ጭምብል ደቃቁን አቧራ አያስቀሩም። ቦታውን በደረቁ አይጥረጉ። የለበሱትን ልብስ ከቤት ውጭ አውልቀው ውሃ ውስጥ ይንከሩት እንጂ አያራግፉት። በባልዲው የቀረውን ጭቃ ወደ ቦይ አይድፉ፤ ይደፍነዋል። አንድ ሌሊት ያሳድሩትና ውሃውን ከላይ አንቆርረው ዝቃጩን በጆንያ ያስወግዱ።

ማለስለስና ማጠናቀቅ

በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይጀምሩና በ120፣ በ220 እና በ400 ይጨርሱ። ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ከማለፍዎ በፊት ድንጋዩን አጥበው ያድርቁት፤ ጭረት የሚታየው ሲደርቅ ነው። ቁጥር መዝለል ጊዜ የሚያተርፍ ይመስላል፤ በ80 የተተወን ጭረት በ400 ለማጥፋት መሞከር ግን ከንቱ ድካም ነው። ይህ ሥራ ድምፅ ስለሌለው ከምሽቱም በኋላ ሊሠራ ይችላል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የውርጭ ወቅት እርጥብ ድንጋይ ደጅ አያሳድሩ። ውሃ በረዶ ሆኖ ሲረጋ ስለሚሰፋ፣ ውስጡ ውሃ የጠጣ ለስላሳ ድንጋይ ሌሊቱን ሊሰነጠቅ ይችላል። ወደ ቤት አስገብተው ከእሳት ርቆ በጥላ ይድረቅ።

ድንጋዩ ለብዙ ቀናት ከደረቀ በኋላ ንጹሕ የንብ ሰም በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጠው፣ በጨርቅ ስስ አድርገው ይቀቡትና ሲቀዘቅዝ በሱፍ ጨርቅ ይወልውሉት። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አያቅልጡ፤ ይቀጣጠላል። የተልባ ዘይት ለመቀባት የሚፈልግ ሰው ነጩን ድንጋይ ወደ ቢጫ እንደሚለውጠው ይወቅ፤ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችልም ዘርግቶ ያድርቀው ወይም ውሃ ውስጥ ይንከረው። ከኖራ ድንጋይ የተሠራውን ቅርጽ ሲያጸዱ በሎሚም ሆነ በኮምጣጤ አይንኩት፤ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይታጠብ።